የማን ጫማ ነው?

ከድጃን የገደላት በግራ ውስጥ እግሯ የገባ የግራር እሾህ ነው። ሲገባ አልተሰማትም፤ ከገባ በኋላም አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እግሯን ገልብጦ ያየላት ሰው አልነበረም።

በለቅሶ ቤቱ ውስጥ ነገሩን እንዲህ አድርጎ የሚናገር የለም። አንዱ «ጦርነቱ በላት» ይላል፣ ሌላው «አጀሏ ደርሶ ነው» ይላል። ልጇ ሉብና ሁለቱንም በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ጦርነቱ ትምህርቱን እስኪያቋርጠው ድረስ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበረች፤ ምክንያቱ እያለ በሌላ ነገር የሚያሳብብ ሰው ያናድዳታል። በዚህኛው ወሬ ላይ ግን ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ለምን እንዳልተከራከረች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በሁለተኛው ቀን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሴቶቹ በተቀመጡበት ክፍል መላወሻ ሲጠፋ ወደ ደጅ ወጣች። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ሰሌን አንጥፈው ዱዓ ያደርጋሉ። አባቷ አብዱልሐሊም ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ መሀላቸው ተቀምጧል። ደጃፉ ላይ የለቀስተኛው ጫማ እንደ ገብስ ክምር ተቆልሏል። ሥራ ፈትቶ መቆም ስለማትችል ጫማዎቹን እየመረጠች ጥንድ ጥንዱን ማገናኘት ጀመረች።

ቀላል ሥራ አልነበረም። ነሐሴ ላይ ሰው መርሳ ከተማን ጥሎ ሲሸሽ፣ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሱቁ ሲዘረፍ፣ የከተማው ጫማ ተደበላልቋል። ግራው ቡናማ ቀኙ ጥቁር የሆነ አለ። በሽቦ የተጠገነ ነጠላ ጫማ አለ። ከክምሩ ሥር ደግሞ አርባ ሁለት ቁጥር የሚሆን፣ ወታደር የሚያደርገው ዓይነት የወንድ ሸራ ጫማ አገኘች። ለትንሽ እግር እንዲሆን ጫፉ ላይ ጨርቅ ተወትፎበታል። «የወንድ ጫማ በሴቶች በር ምን ይሠራል?» ብላ ጨርቁን ለማስተካከል እጇን ሰደደች።

ወጋት።

ፈጥና አወጣችው። ጣቷ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አለች። መዳፏ ግን በሙሉ ረጥቧል። ጫማውን ወደ ፀሐይ አዘነበለችው። ተረከዙ ላይ የጥፍር ቁመት የሚያህል የምስማር ጫፍ ሶሉን በስቶ ወጥቷል፤ ዙሪያው ያለው የጫማው ገበር ደም ጠጥቶ ጠቁሯል። በጣቷ ተጫነችው። ትኩስ ነው፤ ገና አልደረቀም።

በዚህ ጫማ ጤነኛ ሰው አሥር እርምጃ አይሄድም። ይጮኻል፣ ይቀመጣል፣ ያወልቀዋል። የዚህ ጫማ ባለቤት ግን አቧራ እስኪለብስ ተጉዞ፣ በሥርዓት አውልቆ፣ ገብቶ ተቀምጧል። ከዚህ ግድግዳ በስተጀርባ፣ ከሠላሳ ሴቶች መሀል፣ አንዷ እግሯ ደንዝዞ ስለማይሰማት እግር የላትም ማለት ይቻላል፤ አለኝ ብላ ግን ቆማበታለች። እናቷም እንደዚሁ ነበረች። የእናቷ ቁስል ሲታይ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ይኼኛው ገና ሰዓታት ነው!

ጫማውን አንጠልጥላ ዘው አለች።

«የማን ጫማ ነው?»

ወሬው ቀጥ አለ። ሠላሳ ፊት ወደ እሷ ዞረ።

«ጫማው የማን ነው አልኩ? ማንንም ልከስ አይደለም፤ ባለቤቱን ነው የምፈልገው።»

«ሉብናዬ» አለች እማማ ሰዓዳ፣ ጥርስ የሌላትና አፏን የማትይዝ የጎረቤት አሮጊት፣ «ከመቼ ወዲህ ነው በለቅሶ ቤት ጫማ የምንጠየቀው? ደግሞ ያ የወታደር አይደል? ወርውሪው! አንዱ ወገን ቢያየው አንድ ነገር፣ ሌላው ቢያየው ሌላ ነገር።»

«ሐዘኑ ነው» ሲል አንድ ድምፅ ተንሾካሾከ። «ልጅቱን ራሷን ነካት።»

ሉብና ባለቤቲቱ ለምን እንደማትናገር ገባት። በእነዚያ ቀናት መንገድ ዳር የወደቀ የወታደር ጫማ አንስቶ ማድረግ አሳፋሪም አስፈሪም ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ወደተቀመጠችው ሲስተር ሮማን ሄዳ ጎኗ ቁጢጥ አለች። ሮማን ነርስ ናት። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ከተዘጋ ጀምሮ በሽተኛ የምታየው እቤቷ ነው፤ ከድጃንም እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት እሷ ናት።

ሉብና ጫማውን በነጠላዋ ሸፍና አሳየቻት። ሮማን ምስማሩን በጣቷ ነካችው፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ትኩስ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ነው። እግሯ የደነዘዘ ሰው አለች እዚህ ውስጥ።»

«ዛሬውኑ ካልታጠበና ካልተጠረገ… ታውቂዋለሽ እንግዲህ። አላወራልሽም።»

«አስነስቼ አንድ በአንድ ልያቸዋ!»

«በለቅሶ ቤት? እግራችሁን ግለጡ ብለሽ?» ሮማን ራሷን ነቀነቀች። «ተቆጥተው ይወጣሉ። እሷም አብራ ትወጣለች፤ በዚሁ ጫማ።»

ሉብና ጫማውን ሮማን እጅ ላይ ተወችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ስትመለስ በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው ጆግ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ይዛ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ነበር።

«ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እናቴ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አታስቀምጥም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሳላደርገው ቀረሁ። አፉ በሉኝ።»

በክፍሉ ውስጥ የመገረም ማጉረምረም አለፈ። ከድጃ በእርግጥ እንዲህ ነበረች። ገበያ ማንጎና ብርቱካን ስትሸጥ ውላ፣ ደክሟት ገብታ እንኳ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ካገኘች ሳፋውን ታነሳለች። ሉብና ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ «ሰው የራሱን እግር ራሱ አይታጠብም እንዴ?» እያለች የምታመልጥ ልጅ እንደነበረች የማያውቅ የለም።

«ሱብሃነላህ!» አለች እማማ ሰዓዳ። «ሉብና የሰው እግር ልታጥብ? ዩኒቨርሲቲው ይኼንንም ያስተምራል? ነይ፣ ከእኔ ጀምሪ፤ ሐሳብሽን ሳትለውጪ!»

«እርስዎ ከሩቅ አልመጡም፤ ግድግዳ ለግድግዳ ነዎት።»

«በሰባ ዓመት ጉልበት ከዚያ እዚህ ሩቅ ነው!»

ሳቅ ተሰማ፤ አፍን በነጠላ የሸፈነ የለቅሶ ቤት ሳቅ። ሉብና ተንበረከከች። አንድ እግር፣ ሁለት እግር። የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የድሮ የእሾህ ጠባሳ፣ የተጣመመ አውራ ጣት። ውሃውን ታፈሳለች፣ ታሻለች፣ ገልብጣ ታያለች፣ ጣት መሀል ድረስ ታደርቃለች፣ ታልፋለች። ስድስት። ሰባት። እጇ እየፈጠነ ሄደ። በየእግሩ መካከል ዓይኗ ሰሌኑ ላይ ደም ይፈልጋል።

እግር ማየትን የምታውቀው ከቤቷ ነው። ከድጃ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ጀምሮ አብዱልሐሊም በየማታው፣ ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ባትሪ አብርቶ የሚስቱን እግር ይመረምር ነበር። የወልድያ ሐኪሞች የሰጧትን ወረቀት ያነበበችላት ሉብና ናት፤ አንድ ጊዜ፣ በችኮላ። ማንበብ የማትችለው ከድጃ ግን በዚያ አንድ ጊዜ ይዛዋለች። ከዚያ ወዲህ በብርቱካን ሻጭ ድምፅ ትጠራው ነበር፤ «በየማታው እዩ! ጣት መሀል አድርቁ! ባዶ እግር አትሂዱ! ለሞቀ ውሃ እግራችሁን አትመኑ፣ ክንዳችሁን ጠይቁ!» አብዱልሐሊምም እንደ በቅሎ ነጋዴ ተረከዟን አንስቶ «ይኼ ጥሩ ነው፣ ይሸጣል» ይላታል። ጎረቤት «አብዱልሐሊም የሚስቱን እግር ይስማል» እያለ ያማው ነበር። እሱ ግድ አልነበረውም። አራት ዓመት አንድም ማታ አላለፈውም።

ነሐሴ ላይ ሽሽቱ ሲመጣ እሱ ቤቱን ልጠብቅ ብሎ ቀረ። እናትና ልጅ በእግራቸው ግራና ከተማ፣ የከድጃ ታላቅ እህት ዓቢዳ ቤት ገቡ። ሲለያዩ ባትሪውን ለሉብና ሰጣት። «በየማታው» አላት። ወደ መርሳ ተመልሰው እግሯ በብርሃን ሲታይ እሾሁ ከገባ አሥራ አንድ ቀን አልፎ ነበር።

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ሉብና ጥግ ላይ ደረሰች።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ዓቢዳ ራሷ ነበረች። ስልክ ስለማይሠራ መርዶው የደረሳት ዘግይቶ ነው፤ ቀብሩ አምልጧት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ከግራና ተነስታ ቀትር ላይ የገባችው ዛሬ ነው። ጉልበቷን አቅፋ፣ እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ሰብስባ ተቀምጣለች። ጎኗ ያለው የውሃ ጆግ ባዶ ነው፤ ከመጣች ጀምሮ ውሃ ስትጠጣና ሽንት ቤት ስትመላለስ ውላለች። ከቀሚሷ ጫፍ ሥር ሰሌኑ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው እርጥብ ጥቁር ነጥብ ይታያል።

ሉብና ሳፋውን አጠገቧ አስቀመጠች።

«እትዬ፣ እግርዎን ይስጡኝ።»

«እኔ የቤት ሰው ነኝ። እለፊኝ።»

«ከሁሉም ሩቅ የመጡት እርስዎ ነዎት።»

«እለፊኝ አልኩሽ!»

ሉብና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጫማው የእርስዎ ነው። ምስማር አለበት እትዬ። ተረከዝዎን ወግቶታል። አይሰማዎትም?»

ዓቢዳ ቀሚሷን ወደታች ሳበችው። ዕፍረትና ቁጣ ፊቷ ላይ ተደባለቁ። «የእኔን ጫማ ግራና ቤቴ በር ላይ ነጠቁኝ። በባዶ እግሬ ለእህቴ ለቅሶ ልምጣ? መንገድ ላይ የወደቀ አገኘሁ፣ አደረግሁት። ምስማሩንም ነገ በድንጋይ እመታዋለሁ።»

«ጫማው ምን ቸገረኝ! እግሩን ነው! ውሃ ጥማቱ፣ እግርዎ መደንዘዙ… የእናቴ ስኳር እርስዎም ላይ አለ። አሁን ከታየ ይድናል።»

«ከታየ?» ዓቢዳ ቀና አለች። ድምፅዋ አሁን ለሁሉም የሚሰማ ሆነ። «ከድጃስ አልታየችም? እቤቴ አይደል የነበራችሁት? በየማታው ‹አየሽልኝ?› ስትልሽ፣ አንቺም ‹አየሁ› ስትያት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስትሞትም ‹ልጄ አንድ ቀን አላጎደለችብኝም› ብላ ለአባትሽ ነግራዋለች አሉ። በየማታው ታይታ ሞተች! ታዲያ ማየት እሷን ምን አደረገላት? የተጻፈ ነገር በባትሪ አይፋቅም። ተይኝ።»

«እውነቷን ነው» አለ አንድ ድምፅ።

ሉብና ሳፋው ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። ሮማን ከወዲያ ማዶ አንገቷን አስግጋ ታያታለች። ውሃው በመቀዝቀዝ ላይ ነው። አንድ ወር ሙሉ ያንን ውሸት የተሸከመችው ዝም ማለት ማንንም አይጎዳም ብላ ነበር፤ የሞተው ሞቷል። አሁን ውሸቱ እዚህ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሌላ እግር ሊበላ ነው።

«አላየሁም» አለች።

«ምን?»

«አንድም ቀን አላየሁም።» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «አሥራ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ተደርድረን ነበር የምንተኛው። ደክሞኝ ነበር፣ ተናድጄ ነበር፣ ባትሪው ያልቃል ብዬ ነበር፤ ሁሉም ሰበብ ነው። እግሯን በጨለማ ትዘረጋልኛለች። ‹አየሽልኝ?› ትለኛለች። ጀርባዬን ሰጥቻት ‹አየሁ› እላታለሁ። አሥራ አንድ ቀን። እርስዎ ውስጥ እግሯን ያቃጥላታል፣ ይብረድላት ብለው ሂና ሲቀቡላት ቀዳዳውን ሂናው ውጦት ይሆናል፤ አንዴ በብርሃን ብገለብጠው ኖሮ ግን እሾሁን አገኘው ነበር። የሞተችው ስላልታየች ነው፤ ስላላየኋት።»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ማንጎው ሥር ዱዓው ተቋርጧል።

ዓቢዳ የእህቷን ልጅ አተኩራ አየቻት፤ የምትመታት መስሎ ነበር። ከዚያ ያደረገችውን ጥቁር ካልሲ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፤ ተረከዙ ላይ ተጣብቆ ስለነበር እስኪላቀቅ ታገለችው፤ ፊቷ ግን ምንም ሕመም አላሳየም።

«ያዥ» አለች። እግሯን ዘረጋች። «በደንብ እዪው።»

ውስጥ እግሯ በሂና ጠቁሯል፤ ደሙ ከቀለሙ አይለይም። ሉብና ውሃ አፈሰሰች፣ አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ተረከዙ መሀል፣ የአተር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ታየች። ሮማን ሰው እየረገጠች መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች።

ደም ፊን አለ። ቀይ፣ ንጹሕ፣ ሕያው ደም።

«እሰይ!» ብላ ጮኸች ሮማን። በለቅሶ ቤት መሆኗን ረስታዋለች። «አዩት? ቀይ ነው! አይሸትም፣ አላበጠም! ደርሰንበታል! ማንም እግሯን መሬት እንዳታስነካት፤ መጣሁ!»

ወጥታ በረረች። ስትመለስ በዱቄት የታጀለ ቦርሳ ይዛለች፤ ከዘራፊ ያዳነችው የዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀብራው ነው። ክፍሉ ተገለባበጠ። አንዷ ጨው ውሃ ታፈላለች፣ አንዷ የታጠበ ነጠላ ትቀድዳለች፣ አንዷ ሰሌኑን ወደ ብርሃን ትጎትታለች። ሮማን የዓቢዳን ጣት ወግታ ከቀሯት ሦስት የስኳር መለኪያ ወረቀቶች አንዱን ነከረች። ሁሉም መሣሪያዋ ላይ አፈጠጡ።

«ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት።»

«ብዙ ነው?» አለች ዓቢዳ።

«ብዙ ነው።»

«ያረቢ!» አለች እማማ ሰዓዳ። «ሻይ የምናጣፍጥበት አጥተን አንቺ ይኼን ሁሉ ደብቀሽ?»

ዓቢዳ ሳቀች። ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች፤ ከመጣች ጀምሮ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ሮማን ቁስሉን ስታጥብና ስትጠርግ፣ በፋሻ ስትጠቀልል አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸማቀቀችም። ከቦርሳው የወጣው ክኒን ለሰባት ቀን ይበቃል። ከከድጃ የተረፈ ነው። ሮማን ይህን ስትናገር ቀና ብላ አላየችም።

«ሦስት ሳምንት መርገጥ የለም» አለች። «ግራና መመለስ የለም። ዳቦና ማር የለም። ጠዋትና ማታ ይታጠባል፣ ይታያል። የሚያይ ሰው እፈልጋለሁ፤ የምር የሚያይ።»

ሉብና ሳፋው ላይ አቀርቅራ ፎጣውን ጨመቀች።

«እሷ ታየኛለች» አለች ዓቢዳ፣ በአገጯ ወደ ሉብና እየጠቆመች። «ዋሽታ የምታውቅ ሰው ናት። ሁለተኛ አይለምዳትም።»

«እኔስ?» እማማ ሰዓዳ ሁለቱንም እግሯን ሳፋው ውስጥ ዶለች። «ግድግዳ ለግድግዳ ነዎት ብላ ያለፈችኝ! የእኔንም ገልብጣችሁ እዩልኝ፤ ማን ያውቃል፣ እኔም ሞቼ ይሆናል!»

በዚያን ቀን ከቀትር በኋላ በከድጃ ቤት ያልታየ እግር አልቀረም።

አብዱልሐሊም ግን ከመስኮቱ ሥር አልተነሳም። በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ የሶደቃው ንፍሮ ተበልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ሰው ሲበተንም ለሉብና ቃል አልወጣውም። በአጠገቧ ሲያልፍ እንደ ዕቃ ይዞራታል። እሷም አልተከተለችውም፤ ይቅርታ ብትለው የትኛውን ቀን ብላ ትጀምር?

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዓቢዳ በከድጃ አልጋ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሉብና እግሯን ታቅፋ ፋሻውን ፈታች፣ አጠበች፣ አደረቀች። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ብርሃን ስታይ ጥላ አረፈባት። አባቷ ደፉ ላይ ቆሟል። የሚስቱን እህት እግር ማየት ነውር ስለሆነበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ጣት መሀል?» አለ ለግድግዳው።

«ደርቋል።»

«ቀዳዳው?»

«አልቀላም፤ አላበጠም። አየሁት አባባ።»

የተፈታውን ፋሻ ጠቅልላ ወደ ጎን አደረገች።

«ዓይን ብቻ አይበቃም» አለ በመጨረሻ። «የእጅሽን ጀርባ አድርጊበት። መዳፍሽ ሥራ ለምዷል፣ ይዋሻል። ሁለቱንም እግር እኩል ንኪ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ውስጡ ነገር አለ ማለት ነው።»

የእጇን ጀርባ በግራው፣ ከዚያ በቀኙ እግር ላይ አሳረፈች።

«እኩል ናቸው።»

«ጥሩ።» ግድግዳውን እንዳየ ነው። «የእናትሽ ቀኙ ይቀዘቅዝ ነበር። ሁልጊዜ፣ በበጋም። መጀመሪያ እሱን በእጄ አሞቀውና ነበር የማየው።»

ቀኝ እጁ ያንን እግር የያዘ ያህል ባዶ አየር ላይ ጭብጥ አለ። ወደ ኋላው ሸሸገው። ከዚያ ወጣ፤ የተኛችው እንዳትነቃ እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳይለቅ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።